የውርጃ ሀዘንና ጸጸት በግጥም ውስጥ

ሰው ሲሞት የሚገጠም ግጥም የሚይዘው ነገር አለው፣ ስም አለ፣ መልክ አለ፣ እንዲህ ይል ነበር የሚባል ነገር አለ። በውርጃ ላይ የሚጻፈው ግን ይሄ ሁሉ የለውም፣ አብሮ የሚያለቅስ ሰውም ብዙ ጊዜ የለም፣ ስለዚህ ገጣሚዋ የምትቆጥረው ያልሆነውን ነው፣ ያልተሳቀውን ሳቅ፣ ያልወጣውን ስም።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት የሶስት አሜሪካውያን ሴቶች ግጥሞች ናቸው፣ ግዌንዶሊን ብሩክስ (እ.ኤ.አ. 1945)፣ አን ሴክስተን (1962) እና ሉሲል ክሊፍተን (1972)። ሶስቱም የወጡት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1973 ውርጃ መብት ነው ብሎ ከመወሰኑ በፊት ነው፣ ማለትም ነገሩ በአብዛኞቹ ስቴቶች ወንጀል በነበረበት ጊዜ፣ እና እኔ ድፍረታቸው ሁሌም ይገርመኛል።

በብሩክስ ግጥም ውስጥ ላልተወለዱት ልጆቿ የምትናገረው እናት የጨነቃት እውነቱን በምን ቃል እንደምትናገረው ነው። አልተፈጠራችሁም ትልና ወዲያው ይሄም ልክ አይደለም ብላ ትመለሳለች፣ ጥፋቱን በሌላ ሰው ላይ ልጣል ስትልም ራሷን ታቋርጣለች፣ መጨረሻ ላይ የሚቀራት እመኑኝ ሁላችሁንም እወዳችሁ ነበር ማለት ብቻ ነው። ሴክስተን ደግሞ መንገዱን ነው የጻፈችው፣ ለማስወረድ መኪና ነድታ ሄዳ ስትመለስ፣ መወለድ የነበረበት ሰው እንደሌለ የምትናገርበት አንድ ስንኝ ሶስቴ እየተመላለሰ፣ ከዛ ራሷን ፈሪ ብላ ትሳደባለች። ክሊፍተን ጋ ድህነቱ አለ፣ የበረዶ ክረምት፣ የተቆረጠ ጋዝ፣ መኪና የለም። እሷ ጋ ጸጸቱ ላልተወለደው ልጅ የሚገባ ቃል ኪዳን ይሆናል፣ ለሚመጡት እህት ወንድሞችህ ተራራ ካልሆንኩ ወንዝ ይውሰደኝ አይነት።

ሀዘንና ጸጸት ግን አንድ አይደሉም፣ ውሳኔዋን ሳትቀይር የምታለቅስ ሴት አለች፣ እና ግጥሞቹን ለክርክር ብቻ የሚያነብ ሰው ይሄ ያመልጠዋል ብዬ አምናለሁ።

ከሶስቱ ብሩክስንና ክሊፍተንን የሚለያቸው በቀጥታ የሌለውን ልጅ ማናገራቸው ነው። ሃያሲዋ ባርባራ ጆንሰን በ1986 በጻፈችው ታዋቂ ድርሰት ያነሳችው ይሄንኑ ነው፣ የሌለን ሰው ስትጠራው በቃሉ ህይወት ሰጠኸው ማለት ነው፣ ያ ደግሞ እዚህ ጋ ከባድ ነገር ነው። በአማርኛ ደግሞ ይብሳል። ብሩክስ ጋ ልጆቹ ብዙ ስለሆኑ እናንተ ብሎ መተርጎም ይቻላል፣ የክሊፍተን ግን አንድ ልጅ ነው፣ እንግሊዝኛው ወንድ ሴት ሳይል ያልፈዋል፣ እኛ ጋ ግን ግሱ ራሱ አንተ ወይ አንቺ ካላልክ አይሄድም። እኔ ከላይ እህት ወንድሞችህ ብዬ ስጽፍ ግጥሙ ያልሰጠውን ጾታ ሰጥቼዋለሁ።