በጆርጆች ዘመን የእንግሊዝ ባለርስት ቤተሰቦች የደብዳቤ ልውውጥ

በእንግሊዝ ከ1714 እስከ 1830 ጆርጅ የተባሉ አራት ነገሥታት ተከታትለው ነግሠዋል። የመጨረሻው ጆርጅ ወንድም ዊልያም አራተኛ የገዛበት ጊዜም፣ እስከ 1837 ድረስ፣ ከዚሁ ዘመን ጋር ይቆጠራል (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጄንትሪ የሚባሉት የመኳንንት ማዕረግ ሳይኖራቸው ጭሰኞቻቸው በሚከፍሉት የመሬት ኪራይ የሚተዳደሩ ባለርስቶች ነበሩ። ርስቱ በልማድ ለበኩር ልጅ ስለሚተላለፍ ሌሎቹ ወንዶች ልጆች ወደ ክህነት፣ ወደ ሕግ ሙያ፣ ወደ ባሕር ኃይል ወይም ወደ ህንድ ይሄዳሉ፤ ሴቶቹም ሩቅ አገር ይዳራሉ። የተበተነውን ቤተሰብ የሚያገናኘው ደብዳቤ ነበር።

የደብዳቤውን መልክ የወሰነው ግን ከናፍቆቱ ይልቅ የፖስታው ሂሳብ ነው። ገንዘቡን አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ተቀባዩ ሲሆን፣ ሂሳቡ የሚሰላው በርቀትና በወረቀቱ ብዛት ነበር። በ1812ቱ ታሪፍ አንድ ቅጠል ወረቀት እስከ 15 ማይል 4 ፔኒ፣ ከ80 እስከ 120 ማይል 9 ፔኒ፣ ከ230 እስከ 300 ማይል 12 ፔኒ ወይም አንድ ሽልንግ ያስከፍላል። ስለዚህ ከለንደን ባዝ ከተማ ለሚደርስ አንድ ቅጠል 9 ፔኒ፣ ለሁለት ቅጠል 18 ፔኒ ይከፈላል። የፖስታ ቤቱ ሰው ደብዳቤውን በሻማ ፊት አንሥቶ ውስጡ ሌላ ወረቀት መኖር አለመኖሩን ያያል፤ ዋጋውንም ከአድራሻው ላይ በትልቁ በብዕር ይጽፍበታል። ዛሬ ፖስታ የምንለው የወረቀት መያዣ ራሱ እንደ ሁለተኛ ቅጠል ስለሚቆጠር የሚጠቀምበት ሰው ጥቂት ነበር።

ስለዚህ ወረቀቱ ራሱ መያዣ ይሆናል። አንድ ቅጠል ከመካከሉ ሲታጠፍ አራት ገጽ ይወጣዋል፤ የእያንዳንዱ ገጽ ቁመት ብዙ ጊዜ 23፣ ስፋቱም 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሦስቱ ገጾች ለጽሑፉ ናቸው። አራተኛው ወደ ውጭ ይቀራል፤ ሁለቱ ጎኖች ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፣ ከዚያ ላይና ታቹ ተጣጥፈው አንዱ ጫፍ በሌላው ውስጥ ይገባና ይታሸጋል። አድራሻው በዚህ ገጽ መካከል ይጻፋል። ታጥፈው የሚደበቁት ዳርቻዎች ባዶ ስለሚቀሩ ጸሐፊዎች የመጨረሻውን ወሬ እዚያ ላይ ይጨምራሉ፤ ጥድፊያ ያለበት ዜናም ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያው ነው።

ይህም ካልበቃ ወረቀቱን ሩብ ዙር አዙሮ በተጻፈው ላይ አግድም መጻፍ የተለመደ ነበር። ለወዳጅ ክፍያ መቆጠብ እንደ ደግነት ይታያል፤ ዓይን የደከመበት ሽማግሌ ግን ይቸገርበታል። እንዲህ ያለውን ገጽ ለማንበብ ወረቀቱን ከዓይን አቅጣጫ ጋር ማስተካከልና አንዱን ረድፍ ብቻ እየተከተሉ ሌላውን መስመር እንደ ሌለ መቁጠር ይረዳል።

ብዕሩ የዝይ ላባ ነው። ቀኝ እጅ ለሚጽፍ ሰው የግራ ክንፍ ላባ ይመረጣል፤ ጥምዘዛው ከዓይን ፊት ወደ ውጭ ስለሚሄድ። ጫፉ ቶሎ ስለሚደክም በሰንጢ ደጋግሞ መቅረጽ ያስፈልጋል። ቀለሙ የሚዘጋጀው በኦክ ዛፍ ላይ ነፍሳት እንቁላል ሲጥሉ ከሚያብጠው እባጭ፣ ከብረት ሰልፌት፣ ከግራር ሙጫና ከውሃ ነው። ሲጻፍ ፈዘዝ ይላል፤ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። የብረቱ ጨው ከበዛ ግን ከዓመታት በኋላ ወረቀቱን ይበላዋል፤ ፊደሎቹ ቡናማ ሆነው ይቀራሉ፣ ብሶም ተቦርቡረው ይወድቃሉ።

ለማሸግ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ዌፈር የሚባለው ከዱቄት የሚሠራ ስስ ክብ ነው፤ በምላስ ረጥቦ ይለጠፋል፣ ርካሽ ነው፣ ነገር ግን ለትልቅ ሰው መላክ እንደ ንቀት ሊቆጠር ይችላል። ሌላው የቤቱ አርማ የሚታተምበት ቀይ የማኅተም ሰም ነው። ጥቁር ሰም ሐዘንን ያመለክታል፤ ተቀባዩ ገና ሳይከፍተው ሰው እንደ ሞተ ያውቃል። ደብዳቤው ሲቀደድ በማኅተሙ ሥር ያለው ወረቀት አብሮ ይነሣል፤ ልምድ ያለው ጸሐፊ ያንን ቦታ ባዶ ይተወዋል፣ ያልተጠነቀቀው ሁለት ሦስት ቃል ያጣል።

ከ1784 በፊት ፖስታው በፈረሰኛ ወይም በቀላል ጋሪ ይጓዝ ነበር፤ ዝርፊያም ነበረበት። በዚያ ዓመት የባዝ ከተማ የቲያትር ቤት ባለቤት የነበረው ጆን ፓልመር የታጠቀ ዘበኛ ያለበትን የፖስታ ሠረገላ አስጀመረ፤ ከብሪስቶል ለንደን በ16 ሰዓት መድረስ ተቻለ። ሠረገሎቹ ለንደንን የሚለቁት ከምሽቱ በሁለት ሰዓት ነው። ደብዳቤው ወደ ቅርቡ የፖስታ ከተማ ይደርስና የቤቱ አሽከር በተቆለፈ ቦርሳ ያመጣዋል።

ክፍያን ማምለጫ ሕጋዊ መንገድም ነበር። የፓርላማ አባላትና መኳንንት በነጻ መላክ ስለሚችሉ፣ እንደዚህ ያለ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ፊርማውን ይለምነዋል። መብቱ እንዳይነገድበት ከ1784 ጀምሮ አባሉ ሙሉ አድራሻውን፣ ቀኑንና ደብዳቤው የሚነሣበትን ቦታ በገዛ እጁ እንዲጽፍ ታዘዘ፤ ከ1795 ጀምሮም በቀን ከ10 በላይ መላክ፣ ከ15 በላይ መቀበል ተከለከለ። ስለዚህ በአንዳንድ ደብዳቤ ላይ አድራሻው በአንድ ሰው እጅ፣ ጽሑፉ በሌላ ሰው እጅ ይገኛል።

ጸሐፊው የሚጀምረው የትኛው ደብዳቤ መቼ እንደ ደረሰው በመንገር ነው፤ አንዱ ከጠፋ የሚታወቀው በዚህ ነው። ህንድ ላለ ልጅ የሚጻፈው ደብዳቤ ተራ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ቅጂውም በሌላ መርከብ ይላካል። የባንክ ኖት ሲላክ ለሁለት ይቆረጥና አንዱ ግማሽ ቀድሞ ይሄዳል፤ መድረሱ ሲረጋገጥ ሁለተኛው ይከተላል። ጽሑፉ ቁርስ ላይ ወይም ማታ ለቤተሰቡ ጮክ ተብሎ ስለሚነበብ፣ ምስጢር ያለው ሰው ይህን አስቦ መጻፍ ነበረበት። በዘመኑ መጀመሪያ ልጅ ለአባቱ «ክቡር ጌታዬ» ብሎ ይጽፋል፤ ወደ መጨረሻው «ውድ አባቴ» እየተለመደ መጣ።

ቀን መወሰን ጥንቃቄ ይጠይቃል። እስከ 1752 ድረስ የእንግሊዝ ሕጋዊ ዘመን መለወጫ ማርች 25 ስለነበር፣ ፌብሩዋሪ 1730 የሚለው በዛሬው ቆጠራ 1731 ሊሆን ይችላል። በ1752 ደግሞ ከሴፕቴምበር 2 ቀጥሎ 14 ሆነ። በሁለት አቆጣጠር መኖር የለመደ የአገራችን አንባቢ ችግሩን ወዲያው ይረዳዋል። ዓመቱ ያልተጻፈበትን ደብዳቤ ወደ ብርሃን ማንሣት ያዋጣል፤ ከ1794 ወዲህ ብዙ ወረቀት ሠሪዎች በውስጡ ወረቀቱ የተሠራበትን ዓመት ያትሙ ስለነበር፣ ደብዳቤው ከዚያ ዓመት በፊት አልተጻፈም ማለት ይቻላል።

ለእኛ የደረሰው የዚያ ሁሉ ልውውጥ ጥቂቱ ነው። በበኪንግሃምሻየር፣ ሻልስቶን የኖሩት ኤልዛቤት ፑርፎይና ልጇ ሄንሪ ከ1735 እስከ 1753 የጻፏቸው የታወቁት ቅጂያቸውን በመዝገብ ስላስቀሩ ነው፤ ብዙዎቹም ለነጋዴ የተላኩ ትእዛዞች ናቸው። የልብ ጉዳይ ግን ለእሳት የቀረበ ነበር። የሃምፕሻየር ቄስ ልጅ የሆነችው ደራሲ ጄን ኦስተን ከጻፈቻቸው ደብዳቤዎች 160 ያህል ብቻ ተርፈዋል፤ እኅቷ ካሳንድራ በ1840ዎቹ መጀመሪያ አብዛኛውን አቃጥላለች፣ ካስቀረቻቸውም ውስጥ ከአንዳንዶቹ መስመሮች ቆርጣ አውጥታለች። ወረቀቱ በሁለቱም ፊት የተጻፈበት ስለሆነ መቀሱ ባለፈበት ሁሉ ከጀርባ የነበረው፣ ማንንም የማይጎዳው መስመርም አብሮ ጠፍቷል።