«በረዶው እኮ ቆሟል!»፦ ስለ በረዶ ወራት ጉዞ በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

ባለፈው የበረዶ ወራት ትራንዚት ላይ ሳለሁ በረራዬ ተሰረዘና ኤርፖርት ወለል ላይ አደርኩ። ጃኬቴን ተንተርሼ የሰው ወሬ ስሰማ ነጋ። አጠገቤ አንዲት እናት ሕፃን ልጇን በሻርፕ ጠቅልላ ተቀምጣለች። በመስኮቱ እያሳየችኝ «ወንድሜ፣ በረዶው እኮ ቆሟል። ለምንድን ነው የማይነሱት?» ትለኛለች። መልስ አልነበረኝም። እኔም እንደ እሷ ተናድጄ ነበር።

ከተመለስኩ በኋላ ነገሩን እየተከታተልኩ አነበብኩ። ያን ሌሊት በእርግጠኝነት ስናወራው ከነበረው ብዙው ስህተት ነው። አንዳንዱ ስህተት ገንዘብ ያስከፍላል፤ አንዳንዱ ሕይወት።

«በረዶው ከቆመ አውሮፕላኑ መነሳት አለበት»

አንድ አውሮፕላን በቀን ብዙ ከተማ ይመላለሳል። እኛን የሚወስደው ምናልባት ትናንት ማታ ሌላ አገር ቀርቷል። እሱ ቢደርስ እንኳ አብራሪዎቹና አስተናጋጆቹ በሕግ የተገደበ የሥራ ሰዓት አላቸው። ሰዓታቸው ካለቀ ተሳፋሪው ሁሉ ወንበሩ ላይ ተቀምጦም ቢሆን መብረር አይችሉም። ተተኪ ሠራተኞች ደግሞ ሌላ ከተማ ታግተው ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 አሜሪካን የመታው ብርቱ የበረዶ ማዕበል ይህን በደንብ አሳይቷል። ማዕበሉ አልፎ ሌሎች አየር መንገዶች በቶሎ ሲያገግሙ፣ ሳውዝዌስት ግን በወሩ መጨረሻ ቀናት ከ16,000 በላይ በረራዎችን ሰረዘ። ሰማዩ ጠርቶ ነበር። የጠፋው የትኛው ሠራተኛ የት እንዳለ አውቆ የሚመድብ ሥርዓት ነው። ስለዚህ የሰማዩ መጥራት የወረፋው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም።

«ክንፍ ላይ ያለች ትንሽ አመዳይ ምን ታመጣለች?»

ብዙ ሰው የሚማረረው በዚህ ነው። ተሳፍረን፣ በሩ ተዘግቶ፣ አውሮፕላኑ ቆሞ ይቀራል። በማግስቱ እኛም እንዲሁ ቆመን ነበር። ከጎናችን ረጅም ክንድ ያለው መኪና መጣ። ክንዱ ጫፍ ላይ፣ ሳጥን በምታክል ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ቆሟል። እንፋሎት የሚወጣው ብርቱካናማ ፈሳሽ ክንፉ ላይ ረጨ። በረዶው እየተንሸራተተ ወረደ። ቀጥሎ ወፈር ያለ አረንጓዴ ነገር ቀባበት። ያቺ እናት ከፊቴ ተቀምጣ ልጇን እያባበለች ታያለች።

ብርቱካናማው የሞቀ የግላይኮል (ውሃ ቶሎ እንዳይጋገር የሚያደርግ ኬሚካል) እና የውሃ ድብልቅ ነው፤ ያለውን በረዶ ያነሳል። አረንጓዴው ደግሞ አዲስ እንዳይያዝ ለተወሰነ ደቂቃ ይከላከላል። ደቂቃው ካለፈ ተመልሶ እንደገና መረጨት ነው።

ለምን ይህን ያህል ጥንቃቄ? እንደ ሸካራ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ስስ ውርጭ ክንፉ ላይ ካለ፣ አውሮፕላኑን ሽቅብ የሚያነሳውን ኃይል እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ወደኋላ የሚጎትተውን ደግሞ እስከ 40 በመቶ ሊጨምር ይችላል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 1982 ዋሽንግተን ላይ የሆነው ይኸው ነው። የኤር ፍሎሪዳ አውሮፕላን በረዶው ከተጠረገለት በኋላ 49 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ፣ ላዩ ላይ አዲስ በረዶ እየተከመረ ተነሳ። የሞተሩ የበረዶ መከላከያም አልበራም ነበር። ከድልድይ ጋር ተጋጭቶ ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ገባ። ድልድዩ ላይ የነበሩትን አራት ሰዎች ጨምሮ 78 ሰው ሞተ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ያን ረጪ መኪና ሳይ ደስ ይለኛል።

ብርዱ ራሱ አውሮፕላኑን ይጎዳዋል የሚሉም አሉ። አይጎዳውም። ቀዝቃዛ አየር እፍግ ያለ ስለሆነ ለክንፍም ለሞተርም ይመቻል። ከላይ፣ በ10 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ ቅዝቃዜው በበጋም ቢሆን ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ገደማ ነው።

«የአየር ጠባይ ከሆነ ምንም መብት የለህም»

ይህኛው በጣም ያንገበግበኛል። ሰው መብቱን ባለማወቅ ወለል ላይ ያድራል። እኔም ያደርኩት በዚህ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት የአየር ተሳፋሪዎች መብት ደንብ ቁጥር 261/2004 ከኅብረቱ አገሮች ለሚነሳ ማንኛውም በረራ ይሠራል። ወደዚያ ለሚገባ ደግሞ አየር መንገዱ የኅብረቱ አገር ከሆነ። ከ250 እስከ 600 ዩሮ የሚባለው ካሳ በከባድ የአየር ጠባይ ምክንያት ላይከፈል ይችላል። ሰው ይህን ይሰማና ሁሉም ነገር ቀረ ይላል። እንክብካቤው ግን አይቀርም፦ ምግብ፣ ማደር ካስፈለገ ሆቴልና ወደ ሆቴሉ የሚወስድ መጓጓዣ። ከዚያ ላይ ገንዘብህን ማስመለስ ወይም በሌላ በረራ መሄድ፣ ምርጫው ያንተ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የአይስላንድ እሳተ ገሞራ የአውሮፓን ሰማይ ሲዘጋ ክርክር ተነሳ። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2013 ይህ ግዴታ በቀንም ሆነ በገንዘብ ጣሪያ እንደሌለው ወሰነ። አየር መንገዱ ዝም ካለና ራስህ ከከፈልክ፣ ተገቢ የሆነውን ወጪ መጠየቅ ትችላለህ። ደረሰኝ አትጣል!

አሜሪካ ላይ ሕጉ ለአየር ጠባይ ሆቴል አያስገድድም። ነገር ግን በረራው ከተሰረዘና የቀረበልህን ምትክ ካልተቀበልክ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ገንዘብህ ይመለሳል። «ተመላሽ የለውም» የሚል ትኬት እንኳ ቢሆን።

«በረዶ በረዶ ነው»

በአማርኛ ከሰማይ የሚወርደውንም፣ መሬት ላይ የሚጋገረውንም በአንድ ቃል በረዶ ስለምንል ይሆናል አንድ የሚመስለን። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። እንደ ጥጥ የሚወርደው ነጩ ያስፈራል፤ ይበልጥ አደገኛው ግን ዝናብ ሆኖ ወርዶ መሬት ሲነካ የሚጋገረው ነው። እንደ መስታወት ስለሚያሳልፍ አስፋልቱ እርጥብ ብቻ ይመስላል። ድልድይ ከሥሩም ብርድ ስለሚነፍስበት ቀድሞ ይጋገራል። መኪናው ፎር ዊል ነው ብሎ መተማመንም አያዋጣም። ፎር ዊል ለመነሳት ይረዳል፤ ለማቆም ግን ፍሬኑም ጎማውም የሌላው መኪና ዓይነት ነው።

ደቃቁም ቢሆን ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2009 አምስት የዩሮስታር ባቡሮች በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው የባሕር ሥር ዋሻ ውስጥ ቆሙ። ከ2,000 በላይ ተሳፋሪዎች ለሰዓታት በጨለማ ታገቱ። እንደ ዱቄት የደቀቀ በረዶ ወደ ኤሌክትሪክ ክፍሉ ገብቶ፣ ዋሻው ውስጥ ባለው ሙቀት ቀልጦ ውሃ ሆኖ ነበር።

«መኪና ውስጥ ከተያዝክ ሞተሩን አስነስተህ ሙቅ»

ይህ ሊደርስ አይችልም አትበሉ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ቨርጂኒያ ውስጥ አይ-95 በተባለው ታላቅ አውራ ጎዳና መቶዎች ሌሊቱን ታግተው አድረዋል። ከእነሱ መካከል ሴናተር ቲም ኬይን 27 ሰዓት መንገድ ላይ ቆይተዋል።

ጭስ ማውጫው በበረዶ ከተደፈነ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ወደ ውስጥ ይገባል። ሽታ የለውም፤ ሰው ተኝቶ ይቀራል። መጀመሪያ ወርዶ ጭስ ማውጫውን መጥረግ። ከዚያ በሰዓት 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ማስነሳት፤ መስኮትም በጥቂቱ መክፈት። እርዳታ ፍለጋ መኪናውን ትቶ በእግር መሄድ ግን አይገባም። መኪናው ከሰው ይልቅ በቶሎ ይታያል።

ያሞቃል ተብሎ የሚጠጣው አልኮልም በተቃራኒው ነው የሚሠራው። የቆዳ ሥር የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ሙቀት ይሰማል፤ የውስጥ ሙቀት ግን እየወጣ ነው። በብርድ ደርቆ የነጣ ጣትን በበረዶ ማሸት ደግሞ የተጎዳውን ሥጋ ይበልጥ ይጎዳል። ጣቱ ለብ ባለ፣ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ ባለው ውሃ ውስጥ ይነከራል። ያውም ተመልሶ እንደማይቀዘቅዝ እርግጠኛ ከሆኑ ነው፤ ካልሆነ ሸፍኖ ሐኪም ጋር እስኪደርሱ መታገሥ ይሻላል።