የዘረመል መረጃ ምስጢራዊነት፦ ሕጉና ሥነ ምግባሩ

የዘረመል መረጃ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የቤተ ሙከራ ውጤትን ነው። የሕጉ ትርጉም ከዚያ ይሰፋል። በአሜሪካ ሕግ የቤተሰብ የጤና ታሪክም የዘረመል መረጃ ነው፤ ለአሠሪው «እናቴን የጡት ካንሰር ይዟት ነበር» ብሎ የተናገረ ሠራተኛ አንዲት ጠብታ ደም ሳይሰጥ የዘረመል መረጃ ሰጥቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን መረጃ ከሌላው የሕክምና መረጃ የሚለየው ባለቤቱ አንድ ሰው ብቻ አለመሆኑ ነው። ልጅ ከእያንዳንዱ ወላጁ ግማሹን ይወስዳል፤ ወንድምና እህት በአማካይ ግማሹን፣ የአጎት ልጆች 12.5 በመቶ ያህሉን ይጋራሉ። ስለዚህ አንድ ሰው ለመመርመር ሲፈቅድ በከፊል ለዘመዶቹም ፈቅዷል፤ እነሱን ግን የጠየቃቸው የለም። የምስጢራዊነት ሕጎች የተጻፉት መረጃው የአንድ ሰው ነው በሚል ሐሳብ በመሆኑ፣ ብዙው ችግር የሚመነጨው ከዚህ ነው።

መረጃው በቅርብ ሲታይ እዚህ ግባ የሚባል አይመስልም። ለሸማች የሚሸጥ የምራቅ ምርመራ የሚያወጣው ፋይል 600,000 ገደማ መስመር ያለው ተራ ጽሑፍ ነው። በየመስመሩ የምልክቱ (ሰዎች በዘረመላቸው የሚለያዩበት ነጥብ) መለያ፣ የክሮሞዞሙ ቁጥር፣ ቦታውና ሁለት ፊደላት ይገኛሉ፤ ስም የለበትም። ሆኖም በደንብ ከተመረጡ ከ30 እስከ 80 የሚሆኑ ምልክቶች አንድን ሰው ከሌላው ሁሉ ለመለየት ይበቃሉ። ስም ሰርዞ «ማንነቱ አይታወቅም» ማለት ለሌላ መረጃ ቢያስኬድም፣ እዚህ ግን ባዶ ማጽናኛ ነው።

በ2013 ተመራማሪዎች ይህን በተግባር አሳዩ። የዋይ ክሮሞዞም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ይተላለፋል፤ በምዕራባውያን ዘንድ የቤተሰብ ስምም እንዲሁ። ስም በሌለው የምርምር ናሙና ላይ የነበረውን የዋይ ምልክት ለሕዝብ ክፍት ከሆኑ የዘር ሐረግ ድረ ገጾች ጋር አስተያይተው የቤተሰብ ስሙን ገመቱ፣ ዕድሜና የመኖሪያ ግዛት ጨምረው ወደ 50 የሚጠጉ ሰዎችን ለዩ። የቤተሰብ ስም በማይወረስበት ማኅበረሰብ ይህ መንገድ አይሠራም፤ የዘመድ ፍለጋው ግን ይሠራል። በ2018 የወጣ ጥናት 1.28 ሚሊዮን ሰዎች ባሉበት የዘረመል መረጃ ቋት ላይ ተመሥርቶ፣ ዝርያቸው ከአውሮፓ የሆነ አሜሪካውያንን በተመለከተ ለ60 በመቶው ፍለጋ በቅድመ አያት ወላጆች የሚገናኝ ወይም ከዚያ የቀረበ ዘመድ እንደሚገኝ አስልቷል። የካሊፎርኒያ ፖሊስ በዚያው ዓመት ለአሥርት ዓመታት ያመለጠውን ተከታታይ ገዳይ የያዘው በዚህ መንገድ ነው፤ ሰውየው ራሱ ናሙና ሰጥቶ አያውቅም፣ የሰጡት ሩቅ ዘመዶቹ ናቸው።

አንድን ክፍል ቆርጦ መደበቅም ቀላል አይደለም። የዲኤንኤን ቅርጽ ካገኙት ሳይንቲስቶች አንዱ የሆነው ጄምስ ዋትሰን፣ ሙሉ ዘረመሉ በ2007 ይፋ ሲሆን አልዛይመር ከተባለው የመርሳት በሽታ ጋር የተያያዘው ዘረመል እንዲቀር ጠይቆ ነበር። ጎረቤት ምልክቶች አብረው የሚወረሱ በመሆናቸው የጎደለውን ከጎኑ ካሉት መገመት እንደሚቻል ሌሎች ተመራማሪዎች አሳዩ።

መደበቅ እንዲህ አስቸጋሪ ከሆነ፣ ሕግ አውጪዎች ያላቸው የተሻለ አማራጭ መረጃው ሰውን ለመጉዳት እንዳይውል መከልከል ነው። የአሜሪካው የዘረመል አድልዎ ክልከላ ሕግ ግንቦት 21 ቀን 2008 ተፈርሞ የጤና መድን ሰጪዎችንና አሠሪዎችን ከለከለ። ክፍተቱ ግን ሰፊ ነው፦ የሕይወት፣ የአካል ጉዳትና የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድንን አይነካም፤ ከ15 በታች ሠራተኛ ያለው ድርጅትም ነፃ ነው። በተግባር ሲውል ጥርስ እንዳለው ያሳየው የ2015 የአትላንታ ክስ ነው። መጋዘን ውስጥ ሰገራ እየጣለ ያስቸገረውን ሠራተኛ ለማግኘት አሠሪው የሁለት ሠራተኞችን የጉንጭ ናሙና አስወሰደ፤ ሁለቱም ነፃ ሆኑ፤ ዳኝነት የተቀመጡት ዜጎች 2.2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈረዱላቸው። ምርመራው በሽታን አለመፈለጉ አሠሪውን አላዳነውም።

መድን ሰጪዎች የሚያነሡት መከራከሪያ መናቅ የለበትም፦ አደጋውን የሚያውቀው ገዢው ብቻ ከሆነ፣ አደጋ ያለበት ብዙ ይገዛል፣ ዋጋውም ለሁሉም ይንራል። ብሪታንያ መሐሉን ይዛለች፤ በመንግሥትና በመድን ማኅበሩ ስምምነት፣ የሕይወት መድን ሰጪ የትንበያ ምርመራ (ወደፊት የሚመጣን በሽታ የሚጠቁም) ውጤት መጠየቅ የሚችለው አንጎልን ቀስ በቀስ ለሚጎዳው፣ በዘር ለሚተላለፈው የሀንቲንግተን በሽታ፣ ያውም ውሉ ከ500,000 ፓውንድ ሲበልጥ ነው። ካናዳ በ2017 ባወጣችው ሕግ ማንኛውም አገልግሎት ሰጪ ሰውን እንዲመረመር ወይም ውጤቱን እንዲያሳይ ማስገደድን ወንጀል አደረገች፤ ቅጣቱ እስከ 1 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ወይም እስከ 5 ዓመት እስራት ይደርሳል። የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ ደግሞ በአንቀጽ 9 የዘረመል መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ተርታ አስቀምጦ፣ ግልጽ ፈቃድ ወይም ሌላ የተዘረዘረ ምክንያት ከሌለ እንዳይሠራበት ይከለክላል።

ከሐኪም ውጭ፣ በቀጥታ ለሸማች በሚሸጠው ምርመራ ላይ ጥበቃው በአብዛኛው በውሉ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በ2023 ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ የተባለው የምራቅ ምርመራ ሻጭ ኩባንያ ላይ የደረሰው ይህን ያሳያል። ጠላፊዎች ከሌላ ቦታ የተሰረቁ የይለፍ ቃላትን እየሞከሩ 14,000 ያህል አካውንቶችን ከፈቱ፤ ዘመድን ከዘመድ በሚያገናኘው አገልግሎት በኩል ግን የ6.9 ሚሊዮን ሰዎችን መረጃ አገኙ። ኩባንያው በመጋቢት 2025 የኪሳራ ጥበቃ ሲጠይቅ የመረጃ ቋቱ ራሱ ለሽያጭ ከቀረበው ንብረት ውስጥ ነበር።

ናሙና ከመላክ በፊት የሚነበበው ረጅሙ የግላዊነት መግለጫ ሳይሆን አራት ጉዳይ ነው፦ የምራቁ ቱቦ ከምርመራው በኋላ ይጣላል ወይስ ይቀመጣል፤ ለምርምር መፍቀድ ከአገልግሎቱ ተለይቶ ይጠየቃል ወይ፤ ፖሊስ ሲጠይቅ ምን ይደረጋል፤ ኩባንያው ቢሸጥ መረጃው ለማን ይሄዳል። መሰረዝ ላይ ሰው የሚሳሳተው አካውንቱን ሲዘጋ ሁሉም የጠፋ እየመሰለው ነው። የናሙናው መወገድና የምርምር ፈቃዱ መነሣት ለየብቻ ሊጠየቁ ይችላሉ፤ ወደ ተጠናቀቀ ጥናት የገባው አይመለስም። ፋይሉን አውርዶ ሌላ የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይ የጫነ ሰው ደግሞ እዚያም ሄዶ መሰረዝ አለበት።

ለሐኪም ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። የሀንቲንግተን በሽታ ያለበት ሰው ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው፤ በሽታውን የሚያድን መድኃኒት የለም። አባት ለነፍሰ ጡር ልጁ እንዳይነገር ቢል ሐኪሙ ምን ያድርግ? ይህ ጉዳይ እንግሊዝ ውስጥ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2020 ተወሰነ፦ ሐኪሞቹ የአባትየውን ምስጢርና የልጅቱን ጥቅም የመመዘን ግዴታ ነበረባቸው፤ ልጅቱ ግን ካሳ አላገኘችም፣ ሐኪሞቹ መዝነው ዝም ማለታቸው ተቀባይነት አግኝቷል። በሌላ በኩል ማወቅን የማይፈልግ ዘመድም መብት አለው። ዩኔስኮ በ1997 ያወጣው መግለጫ ሰው ስለ ምርመራው ውጤት ይነገረኝ ወይም አይነገረኝ የማለት መብቱ እንዲከበር ይላል። የዘረመል አማካሪዎች የሚመርጡት መንገድ ከምርመራው በፊት «ውጤቱ ዘመድ የሚነካ ከሆነ ማን ይንገር?» ብሎ መነጋገርና መልሱን በጽሑፍ ማስቀመጥ ነው። ውጤቱ ከወጣ በኋላ የሚጀመር ንግግር ብዙ ጊዜ ጭቅጭቅ ይሆናል።

ፈቃድ የግለሰብ ብቻ አለመሆኑን ያሳየው የሃቫሱፓይ ጉዳይ ነው። በግራንድ ካንየን ሸለቆ የሚኖሩት እነዚህ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደም የሰጡት የስኳር በሽታ ስለጎዳቸው ነበር። ደሙ በኋላ ስኪዞፍሬንያ ስለተባለው የአእምሮ ሕመም፣ ስለ ዘመዳሞች ጋብቻና ሕዝቡ ከየት እንደፈለሰ ለመመርመር ዋለ፤ የመጨረሻው ከዚያው ከሸለቆው ተፈጠርን ከሚለው እምነታቸው ጋር ይጋጫል። ዩኒቨርሲቲው በ2010 ለ41 የጎሳው አባላት 700,000 ዶላር ለመክፈልና ናሙናዎቹን ለመመለስ ተስማማ። የጎሳው ሰዎች ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄደው፣ ከማቀዝቀዣ የወጣውን ደም ተረከቡ።