በቃሉ መኖር፦ የሰሜን ሸዋ ምእመናንና ቅዱስ መጽሐፍ

በዮሐንስ ወንጌል 15ኛ ምዕራፍ ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ "በእኔ ኑሩ፣ እኔም በእናንተ" ካለ በኋላ ጥቂት ዝቅ ብሎ "ቃሎቼም በእናንተ ቢኖሩ" የሚል ይጨምራል። ክርስቲያን በክርስቶስ ይኖራል ሲባል ቃሉ ደግሞ በእርሱ ዘንድ ማደር አለበት ማለት ነው። ይህ በኑሮ ምን እንደሚመስል ከሚታይባቸው አገሮች አንዱ ሰሜን ሸዋ ነው።

ዛሬ በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት ዞኖች አሉ፤ አንዱ በአማራ ክልል፣ ሌላው በኦሮሚያ ክልል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተወለዱት በቡልጋ ሲሆን ገዳማቸው ደብረ ሊባኖስ በኦሮሚያው ዞን ይገኛል። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩትም በዚሁ ምድር ነው። የአካባቢው ሕዝብ ከመጽሐፍ ጋር ያለው ትውውቅ ግን በቤተ መንግሥት ሳይሆን በየኔታ ደጅ የሚጀመር ነው።

በንባብ ቤት ሕፃኑ ፊደልና አቡጊዳ ከቆጠረ በኋላ የሚሰጠው የመጀመሪያ ንባብ የዮሐንስ መልእክት ነው። ቃሉን በስንደዶ እየጠቆመ፣ በግእዝ ንባብ አንድ በአንድ፣ ቀጥሎም በውርድ ንባብ እያለ ይለዋል። ይህ መልእክት ከአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ሁሉ ስለ መኖር አብዝተው ከሚናገሩት አንዱ ነው፦ "ከመጀመሪያ የሰማችሁት በእናንተ ቢኖር፣ እናንተ ደግሞ በወልድና በአብ ትኖራላችሁ።" ልጁ የሚያነበውን ገና አይረዳም። ያም ሆኖ መጀመሪያ የሰማው ይኸው መሆኑ ሳያስቡት የተገኘ መልካም ነገር ይመስለኛል።

ከዮሐንስ መልእክትና ከወንጌሉ በኋላ ዳዊት፣ ማለትም መዝሙረ ዳዊት፣ ይመጣል። ልጁ ዳዊት ሲደግም ቤተሰቡ እንደ አቅሙ ድግስ ይደግሳል፤ ከዚያ በኋላ ዳዊቱ የዕድሜ ልክ ጓደኛው ነው። በመንዝ ብርድ በርኖስ ደርበው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር የተቀመጡ አዛውንት መጽሐፉን ከቆዳ ማኅደሩ ሲያወጡ ቢመለከቷቸው፣ የገጾቹ ጠርዝ በጣት ብዛት ጠቁሯል፤ አንዳንዱ ገጽ ላይም የጧፍ ጠብታ ደርቆበታል። ከንፈራቸው ግን ከዓይናቸው ቀድሞ ይሄዳል፤ መጽሐፉን የሚይዙት ለማንበብ ሳይሆን ለክብሩ ነው ያሰኛል።

150ው መዝሙር ዐሥር ዐሥር እየሆነ በ15 ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ክፍል "ንጉሥ" ይባላል። ለሳምንቱም ይታደላል፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150። እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይደርሳል። ውዳሴ ማርያምም እንዲሁ በየቀኑ የተከፈለ ነው። "አንተን እንዳልበድል ቃልህን በልቤ ሰወርሁ" የሚለው ቃል የሚገኝበት 118ኛው መዝሙር ታዲያ የዓርብ ድርሻ ነው። ሥራ የበዛበት አንዲት ንጉሥ ብቻ ደግሞ ወደ እርሻው ይወጣል።

ዳዊት የብሉይ ኪዳን መጽሐፍ ነው፤ በክርስቶስ ከመኖር ጋር ምን አገናኘው? መልሱ በቅዳሴ ላይ ይሰማል። ከጳውሎስ፣ ከሐዋርያትና ከግብረ ሐዋርያት ንባብ በኋላ፣ ካህኑ ወንጌል ከማንበቡ አስቀድሞ፣ ዲያቆኑ ከዳዊት የተወሰደውን ምስባክ በዜማ ይሰብካል። በስቅለት ዕለት "እጆቼንና እግሮቼን ቸነከሩኝ" የሚለው ሲዜም መዝሙሩ የማን እንደሆነ አስረጂ አያስፈልገውም። የአንድምታ (የመጽሐፍ ትርጓሜ) መምህራንም መዝሙሩን በዚሁ መንገድ ይተረጉሙታል።

ሆኖም ንባብ ብቻውን አይቆምም። ይኸው ዮሐንስ በ6ኛው ምዕራፍ "ሥጋዬን የሚበላ ደሜንም የሚጠጣ በእኔ ይኖራል" ይላል፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም በክርስቶስ መኖርን ያለ ቅዱስ ቁርባን አታስተምርም። እንደሚታወቀው ግን አዘውትረው የሚቆርቡት ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። በመካከል ያለውን ረጅም ዕድሜ ብዙው ሰው ከቁርባን ርቆ ያሳልፈዋል። ለእነዚህ ዓመታት የቀረው ገመድ ዳዊቱ፣ ጾሙና የወንጌሉ ድምፅ ነው፤ ከቁርባን መራቁ የመምህራኑም የዘወትር ወቀሳ ነው።

ሌላው ችግር ግእዙ ነው። መዝሙሩን በቃሉ የሚወጣ ሰው ትርጉሙን ላያውቅ ይችላል። ድግግሞሹን ከንቱ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም፤ በቃል የተያዘ ነገር ቀን ጠብቆ ይፈታል። ግን የሚፈታለት አጥቶ የሚቀርም ብዙ ነው። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1842 በአንኮበር በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሲቀመጥ የአማርኛ መጻሕፍት ያድል ነበር። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወጣው የ1954 ዓ.ም. የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ እስከ ዛሬ በብዙ ቤት አለ። የግእዝና የአማርኛ ዳዊት ጎን ለጎን የታተመበት መጽሐፍ ከወጣ ወዲህ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አንዱን ዓይን በግእዙ፣ አንዱን በአማርኛው አድርገው መከተል ለምደዋል።

በከተሞቹ ያሉት የወንጌላውያን አማኞች "የጥሞና ጊዜ" የሚሉት አላቸው። ማለዳ አንድ ክፍል በአማርኛ ያነባሉ፣ ያሰላስላሉ፣ ይጸልያሉ፤ በሳምንትም ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት በየቤቱ ይሰበሰባሉ። እነርሱ "ምን ተረዳህ?" ብለው ሲጠይቁ፣ የዳዊት ደጋሚዎቹ "ዛሬ ደገምህ?" ይላሉ።