የመንሳፈፍ ኃይል ምንድን ነው? ፊኛውን ማን ነው ወደ ላይ የሚገፋው?

በምርቃት ሰሞን ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ ፊኛዋ አመለጣት። ክሩ ከጣቷ ሾልኮ፣ የቆርቆሮውን ጣሪያ አልፎ፣ ሽቅብ ሄደ። አጠገቧ የቆመ ሰው «ውስጡ ያለው ጋዝ፣ ሂሊየሙ ነው ይዞት የሄደው» አላት። ብዙዎቻችን እንዲህ ነው የምናስበው። ግን ሂሊየምም ክብደት አለው። እሱንም መሬት ወደ ታች ትስበዋለች። ፊኛውን ሽቅብ የሚገፋው ዙሪያውን የከበበው አየር ነው። የመንሳፈፍ ኃይል የሚባለውም ይኸው ግፊያ ነው።

ጅማ ላደገ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም። እሸት ቡና ውሃ ውስጥ ሲጨመር አይታችሁ ይሆናል። በደንብ የበሰለው፣ ፍሬው የሞላው ይሰምጣል። ነፍሳት የበላው፣ ውስጡ ባዶ የሆነው ላይ ይንሳፈፍና ተገፎ ይወጣል። የባዶውን ፍሬ መጠን ያህል ውሃ ወስዳችሁ ብትመዝኑ ውሃው ይከብዳል። ለዚህ ነው ፍሬውን ወደ ላይ የሚያወጣው። የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ፣ የሲራኩሱ አርኪሜድስ ከ2,200 ዓመታት በፊት ሕጉን አስቀምጦታል፦ ፈሳሽ ውስጥ የገባ ነገር፣ ቦታ የለቀቀለት ፈሳሽ የሚመዝነውን ያህል ወደ ላይ ይገፋል። አየርም ላይ ሕጉ ያው ነው።

ለምን ወደ ላይ? ዝቅ ባልን ቁጥር የአየር ግፊት ይጨምራል። ስለዚህ ፊኛውን ከሥር የሚገፋው አየር ከአናቱ ከሚጫነው በጥቂቱ ይበልጣል። በጣም በጥቂቱ። ለፊኛ ግን ይበቃል።

እስቲ እናስላው። ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድቡልቡል ፊኛ 14 ሊትር ገደማ ይይዛል። ጅማ ከፍታዋ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ 1 ሊትሩ ወደ 1 ግራም ይመዝናል። እንግዲህ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል የ14 ግራም ክብደት ያህል ነው። ወደ ታች የሚስበውስ? ሂሊየሙ 2 ግራም፣ ላስቲኩና ክሩ 4 ግራም ብንል፣ 8 ግራም ይተርፋል። ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። የልጅቷ ጣቶች ይዘውት የነበረው ይህን ያህል ብቻ ነው! ያው ፊኛ ባሕር ዳርቻ ላይ፣ ጅቡቲ ቢሆን፣ አየሩ ስለሚከብድ የባሰ ይጎትታት ነበር።

ካመለጠ በኋላ ደግሞ ሌላ ኃይል ይጨመራል፤ የአየሩ ሰበቃ። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ሰበቃውም ይጨምርና፣ ወዲያው ፊኛው በአንድ ፍጥነት መውጣት ይጀምራል።

ቤት ውስጥ የቀረ ፊኛ ካላችሁ በማግስቱ እዩት። ሂሊየሙ በላስቲኩ ቀዳዳዎች ቀስ በቀስ ስለሚያመልጥ ፊኛው ይኮማተራል፣ ከኮርኒሱም ይወርዳል። አንዳንዴ መሃል አየር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያኔ ወደ ላይ የሚገፋውና ወደ ታች የሚስበው ኃይል እኩል ሆነዋል። ከክሩ አንድ ስንዝር ቆርጣችሁ ጣሉለት፤ እንደገና ሽቅብ ይላል።