የቦማሪስ ግንብ፦ ታሪኩና አሠራሩ

የቦማሪስ ግንብ በሰሜን ምዕራብ ዌልስ፣ አንግልሲ ደሴትን ከዋናው ምድር በሚለየው የሜናይ የባሕር ሰርጥ ዳር የቆመ ምሽግ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ ዌልስን ለመያዝ ካስገነባቸው ታላላቅ ግንቦች የመጨረሻው ሲሆን ሥራው በ1295 ተጀመረ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ስሙ በኖርማኖች ፈረንሳይኛ «ውብ ረግረግ» ማለት ነው። ካርናርቮን በግዝፈቱ፣ ኮንዊ ከተማውን በከበበው ቅጥሩ፣ ሃርሌክ በተቀመጠበት አለት ይታወቃሉ፤ በንድፍ ጥራት ግን ቦማሪስን የሚደርስበት የለም። ያም ሆኖ ግንቡ ሳያልቅ ቀርቷል።

ለመሠራቱ ምክንያት የሆነው በ1294 በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ የተነሣው የዌልሳዊው የማዶግ አፕ ለዌሊን ዐመፅ ነው። ዐመፀኞቹ ገና በመሠራት ላይ የነበረውን የካርናርቮን ግንብ ያዙ፤ አንግልሲም በእጃቸው ገባች። ኤድዋርድ በክረምቱ ዘምቶ ዐመፁን ሰበረ፤ በኤፕሪል 1295 ደሴቲቱ ላይ ሲደርስ ቁፋሮው ወዲያው ተጀመረ። በአቅራቢያው ላንቫይስ የሚባል የዌልሶች የወደብና የንግድ ከተማ ነበረ። ነዋሪዎቹ ተነሥተው በዚያችው ደሴት ደቡብ ምዕራብ ኒውበሮ ወደሚባል አዲስ መንደር ተዛወሩ። የንጉሡ ሰዎች ይህን የጸጥታ ጉዳይ አድርገው ያዩት ይመስላል፤ የገበያው ጥቅም ግን በግንቡ ሥር ለሰፈሩት እንግሊዛውያን መተላለፉ አያጠያይቅም።

ስለ መጀመሪያው ዓመት ሥራ ያለን መረጃ ከሌላው ዘመን ሁሉ ይበልጣል። በ1295 የበጋ ወራት በአማካይ 1,800 ሠራተኞች፣ 450 ግንበኞችና ድንጋይ ጠራቢዎች እንዲሁም 375 የካባ ሠራተኞች ተሰማርተው ነበር። ደመወዛቸው በሳምንት 270 ፓውንድ ገደማ ይፈጅ ስለነበር ካዝናው ቶሎ ነጠፈ፤ ኃላፊዎቹም በሳንቲም ፋንታ ከቆዳ የተቆረጠ መተማመኛ ማደል ጀመሩ።

ዋናው ሰነድ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1296 ከኮንዊ ለንጉሡ ግምጃ ቤት የተጻፈው ደብዳቤ ነው። የጻፉት የሳቮዩ ተወላጅ ዋና ግንበኛ ጄምስ ኦቭ ሴንት ጆርጅና የሥራው ጸሐፊ ዋልተር ኦቭ ዊንቸስተር ናቸው። ገንዘቡ የት ይገባል ለሚል ሰው በዝርዝር ይመልሳሉ፦ 400 ግንበኞችና ጠራቢዎች፣ 2,000 ሙያ የሌላቸው ሠራተኞች፣ 100 ጋሪዎች፣ 60 ሠረገላዎች፣ ድንጋይና የድንጋይ ከሰል የሚያመላልሱ 30 ጀልባዎች፣ 200 የካባ ሠራተኞች፣ 30 አንጥረኞች፣ በዚያም ላይ ወለልና ሳንቃ የሚመቱ አናጺዎች። 130 የሚሆኑት ጠባቂ ወታደሮችና የዕቃ ግዢው በዚህ ውስጥ አልተቆጠሩም። ሥራው በታሰበው ፍጥነት እንዲሄድ በሳምንት ከ250 ፓውንድ ያነሰ እንደማይበቃ፣ ደመወዙ እንደተወዘፈና ሰዎቹ የሚበሉት አጥተው ሊበተኑ እንደሆነ ያስታውቃሉ። በመጨረሻም ገንዘቡ ካልፈጠነ እስካሁን የተሠራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል ብለው በእግዚአብሔር ስም ይለምናሉ።

ከዚሁ ደብዳቤ የሥራውን ደረጃም እናገኛለን። ግንቡ ከፍ ባለበት 28 ጫማ፣ ዝቅ ባለበት 20 ጫማ ደርሶ ነበር። ከውጭዎቹ ማማዎች አሥሩ፣ ከውስጦቹ ደግሞ የሁለቱ በሮች አራት ማማዎች ተጀምረዋል። አራት መዝጊያዎች ተገጥመው ማታ ማታ ይቆለፋሉ። ብርድ ያልደረቀ ኖራ ስለሚያፈርስ በዚያ ዘመን በክረምት ግንብ ማቆም ልማድ አልነበረም፤ እዚህ ግን ሰዎቹ አልተሰናበቱም። በቅጥሩ ውስጥ በእንጨት በተሠሩ ቤቶች እየኖሩ ለኖራ የሚሆን ድንጋይ ሲፈልጡና ማያያዣውን ሲያዘጋጁ ከረሙ። ወጪው ያበጠው በከፊል በዚህ ነው።

በዚያው ዓመት የስኮትላንድ ጦርነት ንጉሡንና ገንዘቡን ወሰደ። እስከ 1300 ድረስ 11,000 ፓውንድ ገደማ ፈስሶ ሥራው ቆመ። በ1306 ስኮቶች በባሕር ይመጣሉ ተብሎ ስለተሰጋ የውጭው መከላከያ ሥራ ቀጠለ፤ ጄምስ በ1309 ሲሞት ኒኮላስ ደ ደርንፎርድ ተተካ። በ1330 ለመጨረሻ ጊዜ ሲቆም ጠቅላላው ወጪ ወደ 15,000 ፓውንድ ደርሶ ነበር። በ1343 የተደረገ ምርመራ ለማጠናቀቅ ቢያንስ 684 ፓውንድ ይፈልጋል ቢልም ያንን ያህል የከፈለ አልተገኘም።

ንድፉን ያስቻለው ረግረጉ ነው። በአለት ላይ ሲገነባ ቅጥሩ የአለቱን ቅርጽ ይከተላል፤ ሜዳ ላይ ግን መሐንዲሱ እንደ ልቡ ያሰምራል። የከርሰ ምድሩ ውሃም ከቅጥር ሥር ጉድጓድ ምሶ ግንብ የሚያፈርስን ጠላት ያግደዋል። በመካከሉ አራት ማዕዘን ግቢ አለ፤ የግቢው ቅጥር 11 ሜትር ከፍታና 4.7 ሜትር ውፍረት ሲኖረው ስድስት ማማዎችና ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ግዙፍ የበር ሕንፃዎች አሉት። በቅጥሩ ሆድ ውስጥ መተላለፊያ ያልፋል፤ መጸዳጃዎቹም እዚያው ጥንድ ጥንድ ሆነው ተሠርተዋል። ይህን ሁሉ ስምንት ጎን ያለው ዝቅተኛ የውጭ ቅጥር ይከብበዋል፤ በእሱ ላይ 300 ያህል የቀስት መተኮሻ ስፍራዎች ነበሩ። የውጭው ዝቅ ማለት ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ከውስጠኛው ቅጥር የሚተኩሱት በጓዶቻቸው ራስ ላይ አሳልፈው ይወረውራሉ። ከዚያ ውጭ በውሃ የተሞላ ጉድባ አለ። ከደቡቡ በር አጠገብ ባለው መትከያ 40 ቶን የምትጭን መርከብ በባሕሩ ሙላት ጊዜ እስከ ደጁ ትደርስ ስለነበር ግንቡን በየብስ ከብቦ ማስራብ አስቸጋሪ ነበር።

የውጭ በሮቹ ከውስጦቹ ትይዩ አይደሉም። ሰብሮ የገባ ጠላት በጠባቡ መካከል ሲታጠፍ ጎኑን ለቀስት ይሰጣል፤ ቀጥሎ ከላይ የሚወርዱ ሦስት የፍርግርግ መዝጊያዎች ይጠብቁታል፤ ከራሱ በላይም ድንጋይ የሚለቀቅባቸው ቀዳዳዎች አሉ። በወረቀት ላይ ማለት ነው፤ የደቡቡ በር ሕንፃ የኋላ ክፍል ከመሠረቱ ብዙም አልተነሣም። የሰሜኑ ደግሞ አምስት ሰፋፊ መስኮቶች ያሉት የአዳራሽ ደርብ ላይ ቀርቷል። ማማዎቹ ጫፋቸውን ስላላገኙ ግንቡ ከሩቅ ሲያዩት ዝቅ ብሎ ይታያል።

ቦማሪስ የወታደራዊ ምሕንድስና ቁንጮ ነው የሚለው የቆየ አስተያየት ዛሬ ክርክር ገጥሞታል። ምሽግ የመሆኑን ያህል የንጉሥ ማረፊያና የሥልጣን ማሳያ ነበር የሚሉ አሉ፤ የመኖሪያ ክፍሎቹ ብዛትም ይደግፋቸዋል። ንድፉ የጄምስ ብቻ መሆኑንም የሚጠራጠሩ አሉ፤ ይሁን እንጂ ደብዳቤውን ያነበበ ሰው ሥራውን ከሥር ከመሠረቱ የሚያውቅ እጅ ያያል።

በ1403 የዌልሳዊው የኦዌን ግሊንዱር ዐመፀኞች ግንቡን ያዙት፤ በ1405 ተመለሰ። በ1534 ዝናብ በአብዛኞቹ ክፍሎች ይገባ ነበር። በእንግሊዝ የንጉሡና የፓርላማው የእርስ በርስ ጦርነት ለንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ወገን ቆሞ በጁን 1646 ለፓርላማው ጦር እጁን ሰጠ። በ1807 የቡልክሊ ቤተሰብ በ735 ፓውንድ ገዛው፤ በ1925 ለመንግሥት ሲተላለፍ ሐረጉ ተነቅሎ፣ ድንጋዩ ተጠግኖ፣ በደለል የተሞላው ጉድባ ዳግም ተቆፈረ። ከ1986 ጀምሮ ከካርናርቮን፣ ከኮንዊና ከሃርሌክ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።