ኃይሌ ገሪማ፦ ከመድረክ ተዋናይነት ወደ ነጻ ፊልም ሠሪነት፣ ከጣና ዳርቻ ሲታይ

ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ የሙያ ሕይወታቸውን በትወና ጀምረው በፊልም ዳይሬክተርነት የታወቁ፣ የትልልቅ ኩባንያዎችን ደጅ ሳይጠኑ ፊልሞቻቸውን ራሳቸው እየጻፉ፣ እያዘጋጁና እያከፋፈሉ የዘለቁ ኢትዮጵያዊ ናቸው። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር ሲሆን (ከዚህ በኋላ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ከተማዋ ከባሕር ዳር በመኪና መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በሁለቱ መካከል የተንጣለለው ጣና ነው። የሐይቁ ዳርቻ ኋላ በፊልማቸው ውስጥ የያዘውን ቦታ ለመረዳት ከዚህ መነሣት ያስፈልጋል።

አባታቸው ገሪማ ታፈረ በፋሺስት ወረራ ዘመን የተዋጉ አርበኛ፣ መምህርና ጸሐፌ ተውኔት ነበሩ። ስለ ጎንደር አርበኞች መጽሐፍ ጽፈዋል፤ የቴአትር ቡድን አቋቁመውም በየአካባቢው እየተዘዋወሩ ተውኔት ያሳዩ ነበር። ልጃቸው ኃይሌ ትወናን የተማረው በዚያ ቡድን ውስጥ ነው። ይህ ልምድ ከማንኛውም ትምህርት ቤት በፊት የመጣ በመሆኑ ትልቅ ክብደት ሊሰጠው ይገባል፤ ምክንያቱም ልጁ ያየው ቴአትር አባት የሚጽፈው፣ ቤተሰብ የሚተውነው፣ ተመልካቹም የራሱን ታሪክ በራሱ ቋንቋ የሚሰማበት ነበር።

በ1967 ወደ አሜሪካ ተሻግረው በቺካጎ በጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ትወና መማር ሲጀምሩ ያጋጠማቸው የዚህ ተቃራኒ ነው። ለጥቁር ተዋናይ የሚሰጡት ገጸ ባሕርያት አገልጋዮችና አጃቢዎች ነበሩ። ተዋናይ ሌላው የጻፈለትን ይናገራል፤ የሚናገረው ማን እንደሆነና ምን እንደሚል የሚወስነው ግን ሌላ ነው። በ1970 ወደ ሎስ አንጀለስ አምርተው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ማጥናት የጀመሩት ይህን የመወሰን ሥልጣን ፍለጋ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። እዚያም እንደ ቻርልስ በርኔትና ጁሊ ዳሽ ካሉ፣ የሆሊውድን አሠራር ከተቃወሙ ጥቁር ፊልም ሠሪዎች ትውልድ ጋር አብረው አደጉ።

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተሰኘውን ፊልማቸውን የቀረጹት የዘውዱ ሥርዓት በሚፈርስበት ወቅት ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። በአብዛኛው የተወኑበት በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ለእንዲህ ያለ ሥራ የትወና ልምዳቸው ስንቅ እንደሆናቸው መገመት አያዳግትም፤ ራሱ የተወነ ሰው ገበሬውን «እንዲህ ተጫወት» ሳይል እንዴት ከካሜራ ፊት እንደሚያቆመው ያውቃልና። ፊልሙ በ1976 ወጣ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብለው በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀምረው ነበር።

የነጻነታቸው ትርጉም ይበልጥ የሚታየው በ1993 በወጣው «ሳንኮፋ» ነው። የባርነትን ታሪክ ለሚተርከው ለዚህ ፊልም ገንዘብ ማሰባሰብ ብቻ ዓመታት ፈጀ። ተሠርቶ ካለቀም በኋላ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊታቸውን አዞሩበት። ኃይሌና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና በራሳቸው የማከፋፈያ ድርጅት አማካይነት፣ ከየከተማው ጥቁር ማኅበረሰብ ጋር እየተባበሩ ሲኒማ ቤት እየተከራዩ አሳዩት፤ ሕዝቡም ተሰለፈለት። ነጻ ፊልም ሠሪ ማለት በርካሽ የሚሠራ ማለት ብቻ አይደለም፤ ፊልሙን ከጽሑፉ አንሥቶ ትኬት እስኪቆረጥ ድረስ ከእጁ የማያወጣ ማለት ነው። በባሕር ዳር በሙሉዓለም የባህል ማዕከል መድረክ ላይ የሚተውን ወጣት ካሜራ ለማንሣት ሲያስብ ከዚህ ሕይወት ሊወስደው የሚገባው ዋናው ነገር ይህ ይመስለኛል፤ በአገራችን ብዙ ፊልም የሚቸገረው ቀረጻው ላይ ሳይሆን ተመልካች ዘንድ መድረሱ ላይ ነውና።

«ጤዛ» በ2008 ለእይታ የበቃው ከረጅም ዓመታት ድካም በኋላ ነው። በቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ፊልም ጽሑፍ ሽልማትን፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ የሚካሄደውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል (የፌስፓኮን) ከፍተኛ ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ፣ አግኝቷል። ጀርመን የተማረው የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ አንበርብር ወደ እናቱ መንደር፣ ወደ ጣና አካባቢ ገጠር ይመለሳል፤ ልጆች ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ተደብቀው ያገኛቸዋል። ሐይቁ በዚህ ፊልም ለማስዋቢያ የገባ አይደለም። የተማረው ሰው የተሰበረ ትዝታውን ይዞ የሚቀመጥበት፣ ልጅነቱን የሚፈልግበት ቦታ ነው።

ጣናን ለካሜራ የሚመርጥ ሰው የሐይቁን ጠባይ ማወቅ አለበት። ውኃው በማለዳ ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበል ስለሚያስነሣ ከደንገል በተሠራች ታንኳ ላይ የሚቀረጽ ትዕይንት ጠዋት ማለቅ ይኖርበታል። የሞተር ጀልባ ድምፅ ንግግርን ይውጣል። እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉት ገዳማት ሴቶችን ስለማያስገቡም፣ ተዋናይቷም ሆነች ሴት ባለሙያዎች የሚገኙበት ትዕይንት ገና ሲጻፍ ወደ ዘጌ ልሳነ ምድር፣ ሴቶች ወደሚገቡበት ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ ሊዞር ይገባል።